ቆልፋችሁ የሰጣችሁት የማንን ንብረት ነው?

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና ታገሱኝ። በተለይ አይሲቲ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ በአክሰስ ዳታቤዝ እየሠራችሁ ለፋርማሲ፣ ለሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ለቁጠባ ማኅበር የምትሸጡ በርከት ብላችኋል። ደስ ይለኛል። «አክሰስ እኮ አርጅቷል» እያሉ የሚያሾፉትን አትስሟቸው፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የማይቆም ነገር ለትንሽ ሱቅ ይበቃል።

የሚያናድደኝ ርክክቡ ነው። «ቲቸር፣ ቆልፌ ነው የሰጠሁት» ትሉኛላችሁ። ምኑን? ሲታይ ሙሉ ፋይሉ ላይ ፓስወርድ አለ፣ ፓስወርዱ ደግሞ እናንተ ጋ ብቻ ነው። የባሰባችሁ ኮዱ ውስጥ ቀን ትቀብራላችሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ፕሮግራሙ አልከፍትም ይላል። አቶቴ አካባቢ አንዲት እናት የመድኃኒት ቤታቸው የዱቤ መዝገብ እንዲህ ተዘግቶባቸው፣ ሠሪው ልጅ ስልኩን ቀይሮ ጠፍቶ፣ ማን ምን ያህል እንዳለበት ከብጥስጣሽ ወረቀት እየለቀሙ ነው። ይሄ ጥበቃ አይደለም፤ እገታ ነው!

ፎርሙ፣ ሪፖርቱ፣ ኮዱ የእናንተ ላብ ነው። የደንበኛው ስም፣ ዕዳው፣ የመድኃኒቱ ብዛት ግን የእሳቸው ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም፤ አክሰስ ራሱ ዳታቤዝ ስፕሊተር የሚባል መሣሪያ አለው። ቴብሎቹ በአንድ ፋይል፣ ፎርሙና ኮዱ በሌላ ይቀመጣሉ። የፎርሙን ፋይል ወደ ኤሲሲዲኢ ቀይሩት፤ የጻፋችሁት ኮድ ከውስጡ ይወጣል፣ ፎርሙንም በዲዛይን ቪው ገብቶ የሚነካው የለም። ዋናውን ኤሲሲዲቢ እቤታችሁ አስቀምጡ፣ ከኤሲሲዲኢ ወደ ኋላ መመለሻ የለምና። ሺፍት ተጭኖ የሚገባበትንም በር ዝጉ (አላውባይፓስኪይ የሚባለውን ፎልስ ማድረግ ነው)። የደንበኛው ኦፊስ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ሳትጠይቁም አትሂዱ፤ ባንዱ የተዘጋጀው ኤሲሲዲኢ በሌላው አይከፈትም።

የዳታው ፋይል ላይስ? እሱም ላይ ፓስወርድ አድርጉ፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ድሮ በኤምዲቢ ጊዜ የነበረው ፓስወርድ ከሽቦ መቀርቀሪያ አይሻልም ነበር። ከአክሰስ 2007 ወዲህ ግን ፋይሉ ራሱ ይመሰጠራል፤ ፓስወርዱ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አያወጣላችሁም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ፖስታ አሽጋችሁ፣ ለባለቤቱ በእጁ ስጡት።

«ካልከፈሉኝስ?» ውል ነዋ! አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል። ግን ያው አዋጅ፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው ይላል። ገባችሁ? ያለ ወረቀት ሠርታችሁ ያንኑ ኮድ ለሌላ ፋርማሲ ስትሸጡ ተከሳሹ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ኮዱ የማን እንደሆነ፣ ግማሽ ክፍያ ቅድሚያ፣ ግማሹ በርክክብ፣ ጥገናው ለስንት ወር እንደሆነ። «ከአክስቴ ልጅ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል» አትበሉኝ፤ ብሩን የሚያስቀረው እሱ ነው።

አሁን የሰው መዝገብ ቆልፋችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እስከ ቅዳሜ ደውሉና ፓስወርዱን ስጡ። የቀረባችሁ ገንዘብ ካለ ለብቻው ተጠያየቁ። ፋይሉን መክፈል ያቃተው ኢንቦክስ ያድርግልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እንሠራዋለን።