ብቻችንን ተራራ ስንወጣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አንዲት ወጣት ሴት «ተራራ ላይ ድንኳን ተክዬ ብቻዬን ላድር ነው» ብላ ለቤተሰቧ ብትናገር የሚከተሏት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ «ከማን ተጣልተሽ ነው?» ይመጣል። ቀጥሎ «ጅቡስ?»። በመጨረሻ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ሰው ምን ይላል?»። ወንድሟ ቢሆን ሦስተኛው ይቀርለት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ለእሱም አይቀሩለትም። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው እንኳ ይታዘንለታል፤ ብቻውን ሜዳ ላይ ለሚያድርማ ጠበል ይፈለግለታል።

ነገሩ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። መናኙ ተራራ ይወጣል፣ ባሕታዊው ዋሻ ይገባል፣ እረኛው ከከብቱ ጋር ደጋ ላይ ያድራል፤ ጤናቸውን የሚጠራጠር የለም። የሚያስጨንቀን ምክንያት የሌለው ሰው ነው። ጸሎት ወይም ሥራ ሳይኖረው «ዝም ብዬ መሄድ ፈልጌ ነው» የሚለውን አናምነውም። እኔ አምነዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በጋራ ግቢ፣ በጋራ ክፍል፣ በተጨናነቀ ታክሲ ለሚኖር የእኔ ዕድሜ ሰው ሁለት ቀን ጸጥ ብሎ መዋል ትልቅ ዕረፍት ነው። ሪዞርት ለመግባት ደመወዙ የማይፈቅድለት ሰው ድንኳን ተሸክሞ ለመውጣት ቢያስብም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ብቻ መሄድ ነውር ነው አይደለም በሚለው አልከራከርም። ክርክሬ ስለ ሒሳቡ ነው።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚወስደውን የገደል አፋፍ መንገድ ለመጓዝ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። በባሌ ተራሮችም ለቀናት በእግር የሚጓዝ ሰው አስጎብኚ ይዞ መግባቱ የተለመደ አሠራር ነው። በእኩዮቼ ዘንድ በዚህ ላይ ቅሬታ አለ። «ከኋላዬ ጠመንጃ የያዘ ሰው እየተከተለኝ ምኑን ሶሎ ሆነ?» ይላሉ። ከበሩ ርቆ በጎን መግባትን እንደ ጀግንነት የሚያወሩም አሉ። በዚህ ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሰውነታችን ነው። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን በላዩ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ መኖራችን ጥቂት ያግዘናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድነንም። የከፍታ ሕመም በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሲብስ ያንገዳግዳል፣ ያደናግራል። ክፋቱ ደግሞ የታመመው ሰው መታመሙን የሚያውቅበትን አእምሮ ራሱን መያዙ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ጉሙ ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ፣ ስልክም ኔትወርክ ሳይኖረው፣ የሚያስፈልገው ያልደከመ ሌላ ዐይን ነው።

እኔ ሳነቴ ላይ ሁለት ሌሊት ያደርኩት ባለፈው በጋ፣ ከአንድ ጎልማሳ አስጎብኚና ጓዝ ከተሸከመ ፈረስ ጋር ነው። «ኦቦ» እያልኩ እጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። ቀን ቀን ከፊት ራቅ ብለው ይሄዳሉ፤ ማታ ከእኔ ድንኳን ወዲያ፣ ከጅብራዎቹ ባሻገር ያርፋሉ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ «ራስሽን ያምሻል?» ይሉኛል። «ኧረ ደህና ነኝ» ስላቸው ግን መልሴን ትተው አካሄዴን ያያሉ። ብቸኝነቴን አልወሰዱብኝም። ጠዋት የውኃ ፕላስቲኬ በረዶ ሆኖ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ለረጅም ሰዓት ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የጎረቤት ዕዳ ነው። ብቻዬን ሄጄ እግሬ ቢሰበር በሄሊኮፕተር ከች የሚል አዳኝ የለም። ቀድሞ የሚደርሰው እረኛው ነው። ከብቱን ትቶ ይመጣል፣ ሰው ይጠራል፣ አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞኝ መኪና መንገድ ድረስ ያወጣኛል። የእነዚያ ሰዎች የቀን ሥራ ቀረ ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር በውሉ ውስጥ በሌለ ሰው ላይ የሚወድቅ ወጪ «ውጫዊ ወጪ» ይባል ነበር። ያለ አስጎብኚ የሚሄድ ሰው ወጪ ቆጠበ ሲባል እውነቱ ይሄ ነው፤ ወጪውን ሳያስፈቅድ ለገበሬው አስተላልፎታል። ገበሬው ደግሞ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ዋጋ ስለማይጠይቅ ዕዳው የሌለ ይመስለናል።

ሦስተኛው፣ ተራራው ባዶ አለመሆኑ ነው። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ብዛት ወደ 500 ወይም ከዚያ በታች ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። በደረቅ ወቅት አስታ ቁጥቋጦ ሥር የተለኮሰች አንዲት የሻይ እሳት ስንት ሔክታር ልትበላ እንደምትችል የአካባቢው ሰው ያውቃል። ምንጩ የማን እንደሆነ፣ ከብት የት እንደሚያልፍ፣ ድንኳን የት ቢተከል ማንንም እንደማይነካ የሚያውቀውም እሱ ነው። የቅርስነቱ ምዝገባ ክብር ነው፤ የልጆቹን ደብተር የሚገዛው ግን የአስጎብኚነቱ የቀን ክፍያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ከዚያም ጦርነት ሲከተል፣ የውጭ ጎብኚ ሲጠፋ ይህ ገቢ እንዴት እንደሚደርቅ አይተናል። የአገር ውስጥ ተጓዥ ያን ጊዜ ቢኖር ቢያንስ ግማሽ እንጀራ ይሆን ነበር።

እስከዚህ ድረስ ደንቡን ደግፌያለሁ። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ግን አንድ እውነት ይዘዋል፤ እሱም ዋጋው ነው።

የአስጎብኚና የፈረስ ክፍያ የሚታሰበው በቀን ነው፤ አንድም ሰው ሁኑ አራት፣ አስጎብኚው አንድ ነው። ለምሳሌ ያህል አስጎብኚው በቀን 1,000 ብር፣ ፈረሱ ከነጫኚው ሌላ 1,000 ብር ነው እንበል። ለሦስት ቀን 6,000 ብር ይመጣል። አራት ጓደኛሞች ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 1,500 ብር ነው። ብቻዋን የመጣችው ልጅ 6,000ውን ሙሉውን ትከፍላለች። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ቋሚ ወጪ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሳያስበው ብቸኛውን፣ በተለይም ገንዘብ የሌለውን ብቸኛ ይቀጣል። እሱ ደግሞ ሁለት ምርጫ ይቀረዋል፦ ቤቱ መቀመጥ ወይም በጎን መግባት። ደንብ ትክክል ሆኖ ዋጋው የማይቀመስ ሲሆን ሰው ደንቡን መዝለል ይጀምራል፤ በገበያ ላይ ሁሌም የምናየው ነው።

ለሴት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከማታውቀው ወንድ ጋር ሰው በሌለበት አምባ ላይ ማደር ያሳስባታል። እኔ የገጠሙኝ አባት የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ የእያንዳንዷ ሴት ደኅንነት ግን በዕድል ሊወሰን አይገባም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንደኛ፣ የታወቀ የመነሻ ቀን ይኑር። በየሳምንቱ ሐሙስ ወይም ዓርብ አንድ አስጎብኚ ከበሩ ይነሣል ቢባል ብቻቸውን የመጡ አራት ሰዎች ክፍያውን ተካፍለው፣ ድንኳናቸውን አራርቀው፣ ሳይነጋገሩ መክረም ይችላሉ። «የአስጎብኚው ገቢ አይቀንስም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይቀንስም፤ የቀን ክፍያው ያው ነው፣ ዛሬ በዋጋው ፈርተው ቤታቸው የቀሩት ሲመጡ ደግሞ የሚሠራበት ቀን ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ሴት አስጎብኚዎች ይሠልጥኑ፤ ያሉትም ተጓዦች ሊጠይቋቸው በሚችሉበት መንገድ ይታወቁ። ሦስተኛ፣ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ በበሩ አካባቢ ይከራይ። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ መግዛት ለጀማሪ ተቀጣሪ ከባድ ነው፤ ለአንድ የወጣቶች ማኅበር ግን አሥሩን ገዝቶ ማከራየት ሥራ ነው። አራተኛ፣ በበሩ ላይ መዝገብ ይኑር፦ ስም፣ መንገድ፣ የመመለሻ ቀን፣ የቤተሰብ ስልክ። በቀኑ ያልተመለሰ ሰው እንዲፈለግ መጀመሪያ መጥፋቱ መታወቅ አለበት።

ተጓዡም ድርሻ አለው። ዛሬ አንዳንዶቹ ተራሮቻችን የሚወጣባቸው ጊዜ ላይ አይደሉም። ከመነሳታችን በፊት የቲክቶክ ቪዲዮ ከማመን ስለ ሰላሙና ስለ መንገዱ እዚያው ያለ ሰው መጠየቅ አለብን። «አሁን አትምጡ» ካለን ደግሞ መቅረት ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ የሚቀድመው ትንሹ ነገር ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቦታ ላይ ለአንድ አገልግሎት በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት ዋጋ ተነግሮኛል። ብቻውን የመጣ ሰው አብሮት የሚከራከርለት ስለሌለው የመጨረሻውን ውድ ዋጋ ይከፍላል ወይም ይመለሳል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ለጉዞ የሚመቸው ወቅት ሳይገባ የየፓርኩ ዋጋ ዝርዝር በብር፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። የሚጠይቀው በጀት አንድ ወረቀትና አንድ ፕላስተር ነው።