የሕዝብ ርስትና የሠራተኛው ድርሻ

መንግሥት ለያንዳንዱ ሰው፣ ድኻ ሀብታም ሳይል፣ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይስጥ የሚል አሳብ በዓለም ከተነሣ ቈይቷል። በላፍቶ ሠፈራችን ግን ይህ ነገር ሲወሳ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሳይሠራ የሚቀበል ሰው ሰነፍ ይሆናል» ይባላል። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ እንደ እኔ ጡረተኞች ወይም ቤት አከራዮች መሆናቸው ያስደንቃል።

እኔ ማስተማር ከተውሁ ወዲህ በየወሩ እቀበላለሁ፤ ሰነፍ ብሎ የሰደበኝ የለም። «ጡረታ የድካም ዋጋ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ የጀሞን ኮንዶሚኒየም ያቆመው የቀን ሠራተኛ አልደከመምን? በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ ሲፈቀድ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚውለው ይህ ሰው ከደጅ ቀርቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን የሚጠቅሱብኝም አሉ። ልብ ብለው ያንብቡት፤ የተወቀሰው መሥራት የማይወድ ነው እንጂ ሥራ ያጣ አይደለም።

ፊንላንድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 እና በ2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በየወሩ 560 ዩሮ ሰጠች፤ ሥራ ቢያገኙም አልከለከለቻቸውም። ነገሩ ሲመረመር ሰዎቹ ከሥራ አልሸሹም፤ ጭንቀታቸው ግን ቀለለ።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ 11 ከተሞች መጣ። 604,000 ያህል ሰዎችን እንዲረዳ ታቅዶ፣ ከመቶው 84ቱ መንገድ በመጥረግና ይህን በመሰለ ሥራ፣ 16ቱ ደግሞ መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዱ ተደረገ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከድኻ መካከል ድኻን መምረጥ መራጩን ለአድልዎ፣ ያልተመረጠውን ለቅሬታ ያጋልጣል። ለሁሉ የሚደርስ ድርሻ ከዚህ ፈተና ያድናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ትናንት እርሻ የነበረው የላፍቶ መሬት ዛሬ የተወደደው መንገድ ስለ ገባና ሕዝብ ስለ በዛ ነው እንጂ የአንድ ሰው ላብ ስለ ፈሰሰበት አይደለም። እንግዲህ ሕዝብ ባለርስት ከሆነ፣ ከሊዙ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ በስሙ ሊደርሰው ይገባል። በአሜሪካ የአላስካ ግዛት ከ1982 ጀምሮ ከነዳጅ ሀብቷ ለነዋሪዎቿ በየዓመቱ ታካፍላለች፤ ይህንንም ማንም ምጽዋት አይለውም።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጽሑፍ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበረ ገልጧል። የደመወዝ ወለል ሳይኖር መንግሥት ቢጨምር፣ አሠሪው «መንግሥት ያበላሃል» ብሎ ይቀንሳል፤ ስጦታውም ለባለፋብሪካው ይሆናል። ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያዘዘው የደመወዝ ቦርድ ከድርሻው ቀድሞ ይቁም።

ወገኖቼ ሆይ፣ ሠራተኛው የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ ልጁ እንዳይራብ ፈርቶ ያገኘውን ዋጋ ሁሉ እሺ ብሎ እንዳይቀበል የሚያስችለው መቆሚያ ነው። ይህን የምንነፍገው ከሆነ፣ አስቀድመን የራሳችንን ጡረታና ኪራይ እንመልስ።