ከመጎተት በፊት ማጣበቂያውን እንወቅ

ሁለት ነገሮችን አጣብቆ አንድ ማድረግ በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ሙያ ይቆጠራል። የተጣበቀውን ሳይጎዱ መልሶ መለያየት ግን የጉልበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይስተዋላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህ አመለካከት ስሕተት ነው ብሎ ያምናል። መለያየት ከማጣበቅ ያልተናነሰ፣ እንዲያውም የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል። ለዚህም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

ወደዚህ እምነት ያደረሰኝ የራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ ውጭ አገር የሚኖር አጎታችን ለታናሽ ወንድሜ አንድ የአውሮፕላን ሞዴል ላከለት። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሲገጣጥም ውሎ ማምሻውን የቀኙን ክንፍ በግራ፣ የግራውን በቀኝ በሱፐር ግሉ ማጣበቁን ተረዳ። እኔም አሴቶን ሱፐር ግሉን እንደሚያሟሟ አንብቤ ስለነበር የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አምጥቼ መጋጠሚያው ላይ በልበ ሙሉነት አፈሰስሁበት። ማጣበቂያው ከመልቀቁ በፊት ክንፉ ራሱ ለስልሶ ተጨማደደ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ እኔ ግን ያፈሰስሁትን መልቀም እንኳ አልቻልሁም። ወንድሜ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የተበላሸበትን ዕቃ ወደ እኔ ማምጣት ተወ።

ለመሆኑ ስሕተቴ ምን ነበር? «ማጣበቂያውን ምን ያሟሟዋል?» ብዬ ስጠይቅ «ያው ፈሳሽ ሌላስ ምን ያሟሟል?» ብዬ አለመጠየቄ ነበር። አብዛኞቹ ተገጣጣሚ ሞዴሎች የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ እጅግ ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች ስብስብ ሲሆን፣ አሴቶንም በሰንሰለቶቹ መካከል እየገባ ያለሰልሰዋል። የእነዚህን ግዙፍ ሞለኪውሎች ምንነት እ.ኤ.አ. በ1920 ያብራራው ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ሲሆን፣ ለሥራውም በ1953 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በሞዴል ሥራ ላይ የሚውሉ ማጣበቂያዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የፕላስቲክ አሟሚ ነው። የሁለቱን ክፍሎች ገጽ ያለሰልሳል፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ አሟሚው ሲተን የሚቀረው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ይህ ከማጣበቅ ይልቅ ብየዳ ቢባል ይቀላል። ሁለተኛው ሳያኖአክሪሌት፣ ማለትም ሱፐር ግሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የሃሪ ኩቨር የምርምር ቡድን ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ ወደ ጎን ተትቶ ቆይቶ በ1958 ለገበያ ቀረበ። በአየርና በዕቃው ገጽ ላይ ባለ ጥቂት እርጥበት ይጠነክራል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ሦስተኛው አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ ሲሆን፣ የፕላስቲኩን ገጽ ብቻ ይይዛል እንጂ አያሟሟም።

የመለያያው ዘዴም ከዚህ ይመነጫል። ኮላው ውሃ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ካልሆነ፣ በለብታ ውሃ ቢዘፈዘፍ ይለሰልሳል። ውሃው የፈላ ግን አይሁን፤ ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ቅርጹን ያጣልና። በሱፐር ግሉ የተያያዘውን ለጥቂት ሰዓታት ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ መጋጠሚያውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ማጠፍ ይቻላል፤ ቅዝቃዜው ማጣበቂያውን ይበልጥ ተሰባሪ ስለሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይለቃል። ፕላስቲኩም በቅዝቃዜ ስለሚሰበር ኃይል መጠቀም አይገባም። በአሟሚ የተበየደው ሞዴል ገና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነው በእጅ ይላቀቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን የሚሟሟ የተለየ ማጣበቂያ በመካከሉ የለም። ያለው አማራጭ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ጥቂት አሟሚ በብሩሽ አስርጎ በቀጭን ምላጭ በትዕግሥት መክፈት ነው። ምላጩ ወደ ያዘው እጅ መዞር የለበትም። የአሟሚዎች ትነት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል፣ የከሰል ምድጃ በተያያዘበት ቤት ውስጥ ሥራው ፈጽሞ አይሞከር።

«ለአንድ መጫወቻ ይህ ሁሉ ሐተታ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሴ በየቤተ ሙከራው የሚገኙትን የልብና የጆሮ ሞዴሎች ልብ ብሎ ማየት ነው። እነዚህ ሞዴሎች የተሠሩት ተማሪው ከፍቶ ውስጣቸውን እንዲያይ ነው። ማያያዣቸው ሲሰበር ደግ ያሰበ ሰው በሱፐር ግሉ ዙሪያውን ካጣበቃቸው፣ ሞዴሉ ተጠግኗል ይባላል እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች የልብን ክፍሎች ከፍተው አያዩም። ጠንካራ ማጣበቂያ ሁልጊዜ ጥሩ ማጣበቂያ አይደለም። ነገ መከፈት ያለበትን ነገር ዛሬ በማይፈታ ነገር ማያያዝ ጥገና ሳይሆን ጉዳት ነው።

በመሆኑም መምህራን አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ለመለያየት ቢመድቡ መልካም ነው እላለሁ። ወጪው አነስተኛ ነው፦ ከሥራቸው በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር የታተመባቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ የተቆረጡ ቁራጮችን በኮላና በሱፐር ግሉ አጣብቆ፣ ከፊሉን በውሃ፣ ከፊሉን በቅዝቃዜ መፈተን ይቻላል። ተማሪው ከመፈተኑ በፊት ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ቀጥሎም ከውጤቱ ጋር ያስተያየው። «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚለውን ሕግ ለፈተና እኔም ሸምድጄዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን የወንድሜ አውሮፕላን ክንፍ እጄ ላይ ሲቀልጥ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ከኩባያ ቁራጭ ቢማሩት ይሻላል።