ስኳር ሕመም፣ ጾሙና የላስታ ዳገት

«መድኃኒትዎን በትክክል አይወስዱም» የሚለው ቃል ከእኛ ከሐኪሞች አፍ በቀላሉ ይወጣል። የስኳሩ መጠን ከፍ ብሎ ስናገኘው ቀድመን የምንጠይቀው ምን እንደበሉ ነው። ከላስታ ገጠር ተነስቶ ላሊበላ ለሚደርስ ታካሚ ግን መቅደም ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፤ ስንት ሰዓት በእግርዎ መጡ? ኢንሱሊኑን የት ያስቀምጣሉ? መቼ ይበላሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ጾም ይወስደናል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ብዙ ነው። አደጋው ጠዋት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እስከዚያ ሰዓት መቆየቱ ላይ ነው። ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ይመጣል፤ ቶሎ ካልታከመ ራስን ያስታል። በአንጻሩ ጾም ነው፣ ጸበል ላይ ነኝ ብሎ ኢንሱሊን ማቋረጥ፣ በተለይ ለዓይነት 1 ታካሚ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባትዎንም ሐኪምዎንም ያማክሩ። የመድኃኒታቸው መጠንና ሰዓት ተስተካክሎ የሚጾሙ አሉ፤ ጨርሶ መጾም የሌለባቸውም አሉ።

ለገና ቀናት በእግር ተጉዘው ላሊበላ የሚገቡ ምዕመናንም ይህንን ልብ ይበሉ። ረጅም መንገድ ስኳርን ያወርዳል። መለኪያ በእጅዎ ባይኖርም ምልክቶቹ ከታዩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት፤ ከዚያም ምግብ ይብሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሠራል። ንቦች ከበቡት በሚባለው ንጉሥ አገር ማር አይብሉ ማለት ይከብዳል፤ ግን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው። ማር ለእንዲህ ያለው ሰዓት ይቀመጥ። ገብስም ቢሆን፣ በሶም ሆነ ቆሎ፣ መጠኑ ሲበዛ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ከውቅሮቹ ደጃፍ ጫማ ሲወልቅም እግርዎን አይርሱ። ነርቭ የተጎዳበት እግር የድንጋዩን ስለት አይሰማም። ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ማታ ውስጥ እግርዎን ጭምር ይመልከቱ።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ የደጋው አየር ይረዳል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ጥግ፣ ለምሳሌ በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ግን ከደጅና ከግድግዳ ያርቁት። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣል።

ያልተከፈተው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጠናል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ብዙ ብልቃጥ ቢወስድ ይበላሽበታል፤ አንድ ብቻ ቢወስድ በየወሩ ዳገት መውጣትና መውረድ አለበት። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ከተማዋም ለረጅም ጊዜ መብራት አጥታ ስትቆይ፣ ይህ አቅርቦት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቋረጥ አይተናል። በእኔ እምነት የታካሚው ቀሪ ብልቃጥ በሆስፒታል ሳይሆን ለቤቱ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ሊቀመጥለት ይገባል። ታካሚዎችም በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንኑ ይጠይቁ።