ቫይብራፎን ከክራር ምን ይማራል?



ስለ ኢትዮ ጃዝ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል እሰማለሁ። ይኸውም የቅኝቱን አምስት ድምፆች በቫይብራፎን ላይ መምታት ከተቻለ ሥራው አልቋል የሚል ነው። ይህ አሳብ የጥበቡን ግማሽ ብቻ የሚያሳይ መስሎ ስለሚታየኝ ጥቂት ቃል እንድናገር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቫይብራፎን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራ መሣሪያ ነው። ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ብረቶቹ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ተደርድረው ራሱ በክር በተጠቀለለ በትር ይመታሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ይለቀቃል፤ ሲተው ይታፈናል። ሊዮኔል ሃምፕተን በ1930 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር በሸክላ ካስቀረጸው ወዲህ ጃዝ የራሱ አደረገው። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በቦስተን በርክሊ ተምሮ በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሸክላዎች አወጣ፤ ቅኝታችንንም በዚህ መሣሪያ ለዓለም አሰማ። ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን ቅኝት የድምፅ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንቺሆዬን እንውሰድ። በውስጡ የግማሽ ድምፅ ልዩነት ብቻ ያላቸው እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች አሉ። ፔዳሉን እንደ ረገጠ እነዚህን ሁለት ብረቶች አከታትሎ የመታ ሰው ሁለቱም አብረው እየጮኹ ይጋጩበታል፤ ዜማውም ይደፈርሳል። ፔዳሉን ቢተወው ደግሞ ድምፁ ሁሉ ደርቆ ይቀራል። መፍትሔው ያለው በክራር ተጫዋች ግራ እጅ ላይ ነው። ግርፍ የሚጫወት ሰው በቀኝ እጁ አውታሮቹን በአንድነት ይገርፋል፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን የማይፈለጉትን አፍነው ይይዙና የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ዜማው ከመምታት ይልቅ ከማፈን ይወጣል ለማለት ይቻላል። የቫይብራፎን ተጫዋችም በአንዱ በትር አዲሱን ድምፅ ሲመታ፤ በሌላው በትር ያለፈውን ብረት ነክቶ ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ይህ ዘዴ በውጭ አገርም የታወቀ ነው፤ ለአንቺሆዬና ለአምባሰል ግን የግድ ነው።

የማሲንቆ ጣት ይንሸራተታል፤ ብረት አይንሸራተትም የሚሉም አሉ። ይህም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ጠንካራ በትር ገመዱ በሚያልፍበት ነጥብ ላይ ተጭኖ ወደ ብረቱ መካከል ሲሳብ፤ በሌላው በትር የተመታው ድምፅ ጥቂት ዝቅ ይላል። የብረቱ ጠርዝ በኮንትራባስ ደጋን ሲታሽም ረጅም ድምፅ ይሰጣል። (ሲበዛ ግን ማስደነቂያ ብቻ ስለሚሆን እኔ ቁጥብነትን እመርጣለሁ።)

ይህን የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ኖታ ማንበብና ኦርጋን መምታት በሚገባ ተምሬአለሁ፤ ክራር ግን የጠጅ ቤት ዕቃ ነው ተብሎ የግቢውን በር አልፎ አያውቅም ነበር። ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ከአንድ ሽማግሌ የክራር ተጫዋች ዘንድ ተቀምጬ ስለማመድ ግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ተማሪዎቼ «ቅኝቱ በወረቀት ተጽፎ ሳለ ክራር መማር ለምን ያስፈልገናል?» ይሉኛል። የሽማግሌው ጣት ግን በወረቀት አልተጻፈም፤ እሳቸውም ከእንግዲህ ብዙ ዓመት እንደማያስተምሩ ራሳቸው ነግረውኛል።

ስለዚህ የሙዚቃ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች የቫይብራፎን መግዣ እስኪያገኙ ከሚጠብቁ፤ በሳምንት አንድ ቀን የክራር ባለሙያ ቢጠሩ እመርጣለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ለቅዳሜ ጧት አንድ ክፍል ተፈቅዶልኛል፤ ሽማግሌውም ለመምጣት ቃል ገብተዋል። ለሃያ ሁለት ተማሪዎች ያሉን ክራሮች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለው ክራር ብዙ ነውና፤ ባለቤቶቹ በየሰፈራቸው ለሚገኝ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ቢያውሱት ምን ይመስላቸዋል?

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር