አንድ በአንድ የሚወጣ ብርሃን

የበዓል ልብስ ከሳጥን ሲወጣ የሚመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ። ብል እንዳይበላው እናቶቻችን በቀሚሱ እጥፋት መሀል ጣል የሚያደርጓት የነጭ ኳስ ሽታ ነው። ናፍታሊን ትባላለች። (ልጆች ከረሜላ መስላቸው እንዳይውጧት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጧት፤ መርዝ ናት።) በዚህ ወር ስለዚች ኳስና ስለ ቅርብ ዘመዶቿ ላወራችሁ ነው። ሳይንቲስቶች በውስጣቸው የሚያስቀምጡት ነገር አለ፤ እሱም አንድ ቀን ምሥጢራችንን ሊጠብቅ ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁልፍ ነው። በስልክ ገንዘብ ስንልክ መልእክቱ በቁጥር ይቆለፋል። ላኪና ተቀባይ ሌላ ሰው ሳይሰማ በቁልፉ እንዴት ይስማሙ? እ.ኤ.አ. በ1984 ቻርልስ ቤኔት እና ጂል ብራሳር የተባሉ ተመራማሪዎች ቁልፉን በብርሃን ቅንጣቶች መላክ እንደሚቻል አሳዩ። የብርሃን ትንሿ ቅንጣት ፎቶን ትባላለች፤ ለሁለት አትከፈልም። እያንዳንዷ ፎቶን አንዲት አሃዝ ይዛ ትሄዳለች። መሀል ላይ የሚያደባ ሌባ አሃዟን ለማወቅ ፎቶኗን መያዝ አለበት፤ ሲይዛት ደግሞ ያበላሻታል። ላኪና ተቀባይ ከደረሳቸው ላይ ጥቂቱን ሲያስተያዩ ስህተት በዝቶ ካገኙ፣ መሀል የገባ ሰው እንዳለ ያውቃሉ፤ ቁልፉንም ይጥሉታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ከወጡ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቤታችን አምፖል ፎቶን የሚረጨው ያለ ቁጥር ነው። ሌዘርን እጅግ ማደብዘዝ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ጨው ከመነስነሻ እንደማራገፍ ነው። አንዴ ምንም አይወጣም፣ አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት። ተመሳሳይ አሃዝ የያዙ ሁለት ፎቶኖች አብረው ከወጡ ሌባው አንዷን አስቀርቶ ሌላዋን ያሳልፋል፤ ማንም አይነቃበትም።

አንድ ብቸኛ ሞለኪውል ግን እንደ እንጀራ ምጣድ ነው። አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይጋገርም። ሌዘር ሲያርፍበት ጉልበት ይቀበላል፣ አንዲት ፎቶን ይለቃል፣ ከዚያ እንደገና ጉልበት እስኪቀበል ባዶ ነው። ሁለት በአንዴ መስጠት አይችልም። ፍጥነቱ ግን የሚገርም ነው፤ ከጥሩዎቹ አንዱ አንዷን ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

አንድን ሞለኪውል ለይቶ ማግኘት ራሱ ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዊልያም ሞርነር እና ሎታር ካዶር፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ፣ በክሪስታል ውስጥ ጥቂት ሞለኪውሎችን በትነው ከዜሮ በታች ወደ 270 ዲግሪ አቀዘቀዙና የአንዱን ምልክት ለዩ። በዓመቱ ሚሼል ኦሪት እና ዣኪ በርናር ቦርዶ ፈረንሳይ ውስጥ ብርሃኑን ራሱን አዩት። በ1992 ደግሞ ፎቶኖቹ በእርግጥ አንድ በአንድ እንደሚወጡ ተረጋገጠ። ሞርነር በ2014 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ዛሬ ተወዳጁ ሞለኪውል ዳይቤንዞቴሪሊን ይባላል። ስሙን በቃል መያዝ አያስፈልግም። ብቻውን እንዲቀመጥ የሚደረገው በአንትራሲን ክሪስታል ውስጥ ነው፤ አንትራሲን የናፍታሊን ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው፣ ናፍታሊን ሁለት የካርቦን ቀለበት ሲኖራት እሱ ሦስት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በራሷ በናፍታሊን ውስጥም ተሞክሯል። ለብል ብቻ የምናውቃት ኳስ!

ችግሩስ? ብርሃኑ ዓይናችን ከሚያየው ቀይ ትንሽ ያለፈ ነው፤ በመስታወት ኬብል ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አብዛኛው ይጠፋል። ለኳንተም ስሌት ደግሞ ከሁለት ሞለኪውሎች የወጡ ፎቶኖች መንታ መሆን አለባቸው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ግን እንደ ተቀመጠበት ቦታ ቀለሙ ጥቂት ይለያያል። ለዚህ ነው እስከ አሁን ከቤተ ሙከራ ያልወጣው።

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቃል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። «ኳንተም» የሚል ቃል የተለጠፈበት የአንገት ጌጥ ወይም የእጅ አምባር ሲቀርብላችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። እኔ እስካሁን መልስ የሰጠኝ ሻጭ አላገኘሁም።

ይህ ብርሃን ቢሳካ እንኳ የሚጠብቀን መስመር ላይ ከሚያደባ ጆሮ ነው። ባለፈው እናቴን «ከባንክ ነው» ብለው ደውለው የምሥጢር ቁጥሯን ጠየቋት። ሦስቱን አሃዝ ነግራቸው አራተኛው ላይ ስትደርስ ስልኩን ተቀበልኳት።