ከ«ኤ» እና ከ«ቢ» «ኦ» ይወለዳልን?

«የእኔ የደም ዓይነት ኤ ነው፤ የባለቤቴ ቢ ነው። የሁለት ዓመት ልጃችን ታሞ ሲመረመር ግን ደሙ ኦ ሆኖ ተገኘ። በቤታችን የሌለ ደም ከየት መጣ?» ሲሉ አንድ ወታደር አንባቢያችን ጽፈውልናል። ከዚያች ቀን ወዲህ የቤታቸው ሰላም እንደ ደፈረሰ፣ ባለቤታቸውም ልጁን አዝለው ወደ ወላጆቻቸው ዘንድ ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንታቸው መሆኑን ደብዳቤው ያስረዳል። ስማቸው እንዲገለጽ አልፈለጉም፤ እኛም አንገልጽም። ጥያቄው ግን የሌላውንም ቤት ሊያንኳኳ የሚችል ስለሆነ መልሱን በዚሁ ዓምድ አቅርበነዋል።

መልሱ አጭር ነው፤ ይወለዳል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከአተር እንነሣ። ግሪጎር ሜንደል የተባለው መነኩሴ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ቢጫና አረንጓዴ አተር ቢያዳቅል፣ የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ቢጫ ሆነ። አረንጓዴው የጠፋ መሰለ። እነዚያኑ ቢጫዎች መልሶ በዘራ ጊዜ ግን 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ ፍሬ ቆጠረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። (ለሽሮ አተር የምትለቅም እመቤት እንኳ ይህን ሁሉ ለመቁጠር ትዕግሥት የሚኖራት አይመስለንም።) አረንጓዴው ከቢጫው ጀርባ ተሸሽጎ ኖሯል እንጂ አልጠፋም ነበር።

የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 አስታወቀ፤ የአወራረሱን ሥርዓት ደግሞ ፌሊክስ በርንሽታይን በ1924 ገለጸ። ማንኛውም ሰው የደሙን ዓይነት የሚወስኑ ሁለት የዘር ቅንጣቶች አሉት፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሁለተኛውን ከእናቱ ይቀበላል። ኤ እና ቢ በተገኙበት ሁሉ ይታያሉ። ኦ ግን የሚታየው ሁለቱም ቅንጣቶች ኦ ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በመታወቂያው ላይ «ኤ» የተጻፈለት ሰው ከኤው ጀርባ ኦን ሸሽጎ ሊኖር ይችላል፤ «ቢ» የሆነችውም ሴት እንደዚሁ። እነዚህ ባልና ሚስት የሚታየውን ሁለቱም ቢያወርሱ ልጁ ኤቢ ይሆናል፤ አባት ኤን እናት ኦን ቢሰጡ ኤ፣ አባት ኦን እናት ቢን ቢሰጡ ቢ፣ ሁለቱም የተሸሸገውን ቢሰጡ ግን ኦ ይወለዳል። ይህም ከአራት አንድ ዕድል ነው። ከአራት ልጆች አንዱ የግድ ኦ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል።

ከወላጆቹ አንዱ ኤቢ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ በተለመደው ሥርዓት ከኤቢ ኦ አይወለድም። በዚያም ቢሆን እጅግ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ፣ የመዝገብ ስሕተትም ስለማይጠፋ፣ ከመቆጣት በፊት ምርመራውን ማስደገም ይገባል።

እርስዎ ግን፣ ወንድማችን፣ የእናትና የአባትዎን የደም ዓይነት ይጠይቁ። ከሁለቱ አንዳቸው ኦ ከሆኑ፣ የኦን ቅንጣት ለመያዝዎ ሌላ ማስረጃ አያሻም። ይህንም ገጽ ቀድደው ለባለቤትዎ ይላኩላቸው፤ የይቅርታውን ቃል ግን በራስዎ እጅ ይጻፉት።